«ግሎባል ትሬንድ» ላይ ኤ፣ ጎረቤት አልጋ ላይ ኤፍ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ኮርስ አለች፤ «ግሎባል ትሬንድ»። የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ሲመጣ ከሎጂኩ፣ ከሳይኮሎጂው፣ ከአንትሮፖሎጂውና ከኢንተርፕረነርሺፑ ጋር ተከትላ መጣች። ሞጁሏ ውስጥ ሪያሊዝም አለ፣ ሊበራሊዝም አለ፣ የውጭ ጉዳይ ፖሊሲና ዲፕሎማሲ አለ፣ ግሎባላይዜሽን አለ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዓለምን የሚያስጨንቁ ወቅታዊ ጉዳዮች ተደርድረዋል። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ምህንድስና የሚገባውም፣ ነርስ የምትሆነውም፣ አካውንቲንግ የሚያጠናውም ከግቢ ሲወጡ ከሰፈራቸው የሰፋ ዓለም ይታያቸው፤ በሌላ አነጋገር የዓለም ዜጋ ይሁኑ።

ዓላማውን የሚቃወም ሰው የለም። ችግሩ ኮርሷ የምትጠናበት መንገድ ነው። ሞጁሉ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ከሞጁሉ አጭር ሀንዳውት ይወጣል፤ ከሀንዳውቱ ደግሞ ሾርት ኖት፤ ከሾርት ኖቱ ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች። ቀለሜው ልጅ ከሞጁሉ ይጀምራል፤ ሌላው ከታች። ፈተናው ምርጫ ነው። «ከሚከተሉት ውስጥ የግሎባላይዜሽን አሉታዊ ጎን ያልሆነው የቱ ነው?» ይላል ጥያቄው፤ ልጁ «ሲ» ላይ ያከብባል። ኤ አመጣ። እሰየው።

ወደ ዶርም እንመለስ። አንድ ክፍል፣ ድብል አልጋዎች፣ ከግድግዳው የተጠጉ ሎከሮች። ከኤ ባለቤቱ በላይ የተኛው ልጅ ከጋምቤላ መጠለያ ካምፕ የመጣ ደቡብ ሱዳናዊ ሊሆን ይችላል፤ ኢትዮጵያ ስደተኞችን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ስታስተምር ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ኤርትራውያን፣ ሶማሌዎች፣ ደቡብ ሱዳናውያን በየግቢው አሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ በመተማ በኩል ሌላ ሕዝብ ገባ። ከእነሱም መካከል ትምህርቱ ከመሃል የተቆረጠበት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብዙ ነው። እንግዲህ ሞጁሉ «ወቅታዊ ዓለም አቀፍ ጉዳዮች» የሚለው ምዕራፍ በሰው አምሳል ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ሻወር ሲሄድ በየጠዋቱ ይታያል ማለት ነው። ማን ጠይቆት ያውቃል? አገሩ እንዴት እንደፈረሰች፣ የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስ ጎረቤቱ ምን እንዳደረገ፣ ካምፕ ውስጥ ስንት ዓመት እንዳጠና፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና በምን መብራት እንደተዘጋጀ? ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ኳስ ትችላለህ?»

«የዓለም ዜጋ» የሚለው ቃል በዚህ ዘመን ከሀብታም አገር ኮሌጆች ጋር የመጣ ይመስላል። እዚያ የታወቀ አሠራር አለው። ተማሪው ከትምህርቱ መሃል አንድ ሴሚስተር ወይም አንድ ዓመት ነጥሎ ባሕር ይሻገራል፤ ቋንቋ ይማራል፣ ከማያውቀው ቤተሰብ ጋር ይኖራል፣ ተመልሶ ድርሰት ይጽፋል። አውሮፓውያኑ ለዚሁ «ኢራስመስ» የሚባል ትልቅ ፕሮግራም ከተከሉ ከ35 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። መልካም ነገር ነው፤ ማንም አያጣጥለውም። የኢትዮጵያ ተማሪ ግን በአውሮፕላን የዓለም ዜጋ ይሁን ቢባል ወረፋው የት ድረስ እንደሆነ የታወቀ ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ የማስተናገጃ ጊዜውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። የቪዛው በር ለዶክተሩም፣ ለነጋዴውም፣ ኮንፈረንስ ለተጋበዘው መምህርም እየጠበበ ሲሄድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪማ ምኑ ይወራል።

ስለዚህ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ሳይሄዱ ዓለምን መማር ይቻላል ወይ? ይቻላል። በዚሁ አገር፣ በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ ተሞክሮ ያውቃል፤ ውጤቱም የአገሪቱን ታሪክ ቀይሯል።

በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች አክራ ላይ ተሰብስበው ነበር። ያኔ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለአፍሪካውያን ወጣቶች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ። ያን ጊዜ ኮሌጁ ትንሽ ነው፤ በካናዳውያን ኢየሱሳውያን አስተዳደር ሥር በ1943 ዓ.ም. የተከፈተ፣ ተማሪው በመቶ የሚቆጠር፣ ሁሉም ሁሉን በመልክ የሚያውቅበት። እዚያ ውስጥ የገባ እንግዳ አይደበቅም።

እንግዶቹ ኢትዮጵያን በሩቁ ያውቋታል፤ ያውም በክብር። በቅኝ ግዛት ለሚኖር አፍሪካዊ ኢትዮጵያ አገር ብቻ አልነበረችም፤ ነጭን ያሸነፈች፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ስሟ የተጠራ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሰየምላት የነፃነት ምልክት ነበረች። ሲደርሱ ያዩት ግን ሌላ ነው። ድህነቱ፣ ባላባቱና ጭሰኛው፣ ጋዜጣው በሙሉ የንጉሡን ውሎ የሚዘግብ፣ ተማሪው ፖለቲካ ሲነሳ ዙሪያውን የሚገላመጥ። በአገራቸው እንግሊዝ እየገዛቸውም ቢሆን ፓርቲ አለ፣ የሠራተኛ ማኅበር አለ፣ አደባባይ ላይ የሚናገር መሪ አለ። እዚህ ነፃ በተባለው አገር ውስጥ ይህ የለም። ግራ ተጋቡ፤ ጠየቁም።

የኢትዮጵያዊው ተማሪ ድንጋጤም ከዚህ አያንስም። ራሱን ከአፍሪካዊ ለይቶ ማየት የለመደ፣ «እኛ አልተገዛንም» በሚል ኩራት ያደገ ልጅ ነው። አሁን ግን ቅኝ ተገዛ የሚባለው ልጅ ከእሱ የተሻለ ይከራከራል፤ ስለ ሠራተኛ መብት ያውቃል፣ ስለ ምርጫ ያውቃል፣ አስተማሪውን ቀና ብሎ ይሞግታል። «አልተገዛንም» የሚለው መልስ ለዚያ ልጅ ጥያቄ አልበቃም። የተማሪውን እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉ ምሁራን የእነዚህን እንግዶች መምጣት ለእንቅስቃሴው መነቃቃት ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች መካከል ያስገቡታል። እንግዶቹ ሰልፍ ስለመሩ አይደለም፤ ቡና እየጠጡ፣ ካርታ እየተጫወቱ፣ መኝታ ክፍል ውስጥ እየተጨቃጨቁ መስታወት ስለያዙ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የእነ መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው አደባባይ ወጡ። ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት ቢሆን ይህ የሚታሰብ አልነበረም።

ከእንግዶቹ አንዱ ሮበርት ኡኮ ይባላል፤ ኬንያዊ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ተምሮ ተመረቀ። በኋላ የኬንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በየካቲት 1990 ተገድሎ ተገኘ፤ ጉዳዩ እስከ ዛሬ ኬንያ ውስጥ ያነጋግራል። ናይሮቢ ላይ ስሙን የማያውቅ አዋቂ ማግኘት ያስቸግራል። ስድስት ኪሎ ላይስ? እስቲ በዋናው በር የሚወጡትን አሥር ተማሪዎች ጠይቁ።

እንግዲህ የታሪኩ አንዱ ግማሽ ይህ ነው፤ ዓለም ወደ ዶርም መጣ። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ተማሪው ከዶርም ወጣ። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አንድ ግዴታ ጣለ፤ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት»። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ሄዶ ያገለግላል፤ አብዛኛው በአስተማሪነት። መጀመሪያ ላይ ተማሪው አልወደደውም። ዲግሪዬ በአንድ ዓመት ዘገየ፣ ገጠር ተወረወርኩ፣ ደመወዙ አነሰ አለ። «መሬት ላራሹ» ብሎ ተማሪው በየካቲት 1957 ዓ.ም. ፓርላማው ፊት ሲሰለፍ አገልግሎቱ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ነበር፤ ስለዚህ መፈክሩን ገጠር ወለደው ማለት ውሸት ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ግን በየዓመቱ ከጎሬ፣ ከጎባ፣ ከደሴ፣ ከአርባ ምንጭ የሚመለሰው ልጅ ጭሰኛን በስሙ የሚያውቅ ልጅ ሆነ። የምርቱን ስንት እጅ ለባለ መሬቱ እንደሚሰፍር አይቷል። በ1958 ዓ.ም. ሾላ አካባቢ የኔ ቢጤዎች ታጉረው መያዛቸውን ተማሪው ሲሰማ «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብሎ የተነሳው ተማሪ፣ የድህነትን መልክ ከመጽሐፍ ብቻ ያነበበ አልነበረም።

ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ኬንያዊው ልጅ ዓለምን አመጣለት፤ ጎሬ አገሩን አሳየችው። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

እዚህ ላይ ግን ታሪኩን ማሳመር ነውር ይሆናል። ያ ትውልድ ምን እንደደረሰበት፣ ምንም እንዳደረገ የማያውቅ የለም። ያኔ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚማሩት ኢትዮጵያውያን የራሳቸው ማኅበራት ነበሯቸው። በዓለም ጉዳይ ላይ ከእነሱ የበለጠ የነቃ ተማሪ ማግኘት ይከብዳል፤ ቬትናምን ያውቃሉ፣ ኩባን ያውቃሉ፣ የቻይናና የሶቭየትን ልዩነት አንቀጽ በአንቀጽ ይተነትናሉ። መኢሶን በ1960 ዓ.ም. ሃምቡርግ ላይ ተመሠረተ። ኢሕአፓ የሆነው ድርጅት በ1964 ዓ.ም. ምዕራብ በርሊን ላይ ተመሠረተ። ሁለቱም በጀርመን ከተማ የተወለዱ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነበቡ፣ ብዙዎቹ አንድ ትምህርት ቤት የሄዱ። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ መንገድ ላይ ሲገዳደሉ የሚከራከሩባቸው ቃላት ግማሾቹ በአማርኛ አቻ እንኳ አልነበራቸውም። የተረፉትን ደርግ ሁለቱንም በየተራ ጨረሳቸው።

የዓለም ዕውቀት ስለበዛባቸው ነው የጠፉት የሚል ሰው አለ። አይመስልም። ስንፍናን የሚያስወድድ መልስ ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። አራት ኪሎ ዶርም ውስጥ የነበረው ናይጄሪያዊ ሰው ነበር፤ ሲሳሳቱ ይስቃል፣ ሲዋሹ ያፈጣል፣ «እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም» ብሎ ያቋርጣል። ከሩቅ አገር በመጽሐፍ የመጣው አብዮት ግን ቀመር ነው፤ ቀመር አይመልስም፣ አይቆጣም፣ ወደ አገሩ ልክ አስገቡኝ አይልም። ዓለምን ከሰው የተማረ ልጅ መጠራጠርን ይለምዳል። ዓለምን ከቀመር ብቻ የተማረ ግን የሚጠራጠረው ቀመሩን ያልተቀበለውን ሰው ነው።

ይህን ካየን በኋላ ወደ 2012 ዓ.ም. እንመለስ፤ «ግሎባል ትሬንድ» ወደ ገባችበት ዓመት። ያ ዓመት ሌላም ነገር ነበረው። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተማሪዎች ተገደሉ፤ ግጭቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ፤ ብዙ ልጅ ፍራሹን ጥሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቻቸው ሲጓዙ መንገድ ላይ የታገቱት ተማሪዎች ወሬ አገሩን አስለቀሰ። ስለ ዓለም አቀፍ ሰላምና ደኅንነት የሚያስተምረው ሞጁል ተባዝቶ በሚከፋፈልበት ወራት፣ እናቶች ስልክ ይዘው «ልጄን አይታችኋል?» ይሉ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይከብዳል።

ምደባ የሚባለው ነገር ሲታሰብ ጥሩ ሐሳብ ነበረበት። የጂንካው ልጅ ደብረ ታቦር፣ የደብረ ታቦሩ ጅግጅጋ፣ የጅግጅጋው ጅማ ይመደባል፤ ይተዋወቃል፣ ቋንቋ ይለምዳል፣ ይጋባል። የድሮውን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሥራ በከፊል የሚሠራ ነገር ነው። ዛሬ ግን ወላጅ ምደባ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው የትምህርት ክፍሉን አይደለም፤ መንገዱን ነው። ልጁ የሚያልፍባቸውን ከተሞች በጣቱ ይቆጥራል። አቅም ያለው በአውሮፕላን ይልካል፤ የሌለው አዛውሩልኝ ብሎ በየቢሮው ይንከራተታል፤ ያም ካልሆነ ሰፈሩ ያለ የግል ኮሌጅ ያስገባዋል። በወላጅ መፍረድ አይቻልም። ልጁን ወደማያውቀው ክልል ለመላክ የሚሰጋ ቤተሰብ ባለበት አገር ላይ «የዓለም ዜጋ» የሚል ምዕራፍ ማስተማር ግን መሳቂያ ይመስላል።

ከደረሰ በኋላም ቢሆን ሌላ ችግር አለ። ግቢ ሲገባ የአገሩን ልጆች ይፈልጋል፤ ተፈጥሯዊ ነው፤ ብቸኝነት ከባድ ነው። ዶርም መቀያየር ይጀመራል፤ ፕሮክተሩ ጋ ይኬዳል፣ ይለመናል፣ ይሳካል። በሁለተኛው ወር ክፍሉ በሙሉ አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ አንድ ዓይነት የቴሌግራም ቻናል የሚከተል ይሆናል። ካፌም እንደዚያው፣ ላይብረሪም እንደዚያው። አራት ዓመት አብሮ ኖሮ የሌላውን ሰላምታ እንኳ በቋንቋው የማያውቅ ተመራቂ ሞልቷል። አራት ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም፤ ጅማ የገባ ልጅ ቢያንስ ተጣልቶ የሚታረቅበት ያህል ኦሮምኛ፣ መቀሌ የገባውም በልቶ ሒሳብ የሚጠይቅበት ያህል ትግርኛ ሊይዝ ይገባው ነበር። ገበያ ላይ ቲማቲም የምትሸጠዋ እናት ካስተማረችው ከየትኛውም ሞጁል የተሻለ አስተማሪ ናት፤ ተሳስቶ ሲያወራ ትስቃለች፣ ታርመዋለች፣ አንድ ፍሬም ትጨምርለታለች።

ምን ይደረግ ለሚል ሰው መልሱ የሚኒስትር ፊርማ የሚጠብቅ አይደለም። ከኮርሱ ነጥብ ላይ የሚያዝ ተከታታይ ምዘና የሚባል ነገር አለ፤ አሳይመንት፣ ኩዊዝ፣ ፕሬዘንቴሽን። «ግሎባል ትሬንድ» የሚያስተምር አንድ መምህር ከዚያ ላይ 20 ነጥብ ቆርጦ እንዲህ ቢል ማን ይከለክለዋል? ከራስህ ክልል ወይም ከራስህ አገር ያልሆነ አንድ ሰው ፈልግ፤ ተማሪም ይሁን፣ የግቢ ጥበቃም፣ ከሱዳን የመጣ ባለ ሱቅም። ሦስት ጊዜ ተገናኙ። ሰውየው ስለ አገሩ ከነገረህ ውስጥ ሞጁሉ ያልነገረህን ጻፍ። በመጨረሻም ስለ አንተ አገር የጠየቀህንና መመለስ ያቃተህን አንድ ጥያቄ ጨምርበት። ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ናት ዋናዋ። ኬንያውያኑ በ1950ዎቹ ሳያውቁት የሰጡት አሳይመንት እሷ ነበረች።

መምህራኑ የሚመልሱት ይታወቃል፤ እውነትም አላቸው። አንድ ሴክሽን ውስጥ 60፣ 70፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተማሪ አለ። አንድ መምህር ሦስትና አራት ሴክሽን ይይዛል። ደመወዙ የወሩን ኪራይ ከፍሎ ምን እንደሚተርፈው እሱና የሰፈሩ ባለ ሱቅ ያውቃሉ። 200 ተማሪ እጅ በእጅ የጻፈውን ማን ያርማል? የምርጫ ጥያቄ ግን በአንድ ከሰዓት ታርሞ ያልቃል። ደግሞም ልጆቹ እርስ በርስ ይቀዳዳሉ፤ ያልተገናኙትን ሰው ተገናኘን ይላሉ፤ አሁንማ በስልካቸው ያለው አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ያላገኙትን ደቡብ ሱዳናዊ ከነአያቱ ፈጥሮ ይጽፍላቸዋል።

ይቀዳሉ፤ እውነት ነው። ከ70 ልጅ 50ው ይቀዳ እንበል። የቀሩት 20ዎቹ ግን አንድ ማታ ከፎቁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው አንድ ሰው ሲያወራ ሰምተዋል። የምርጫው ፈተና መልስም ቢሆን ተማሪው ገና ወረፋ ይዞ ሳለ ቴሌግራም ላይ ሲዞር ማደሩን መምህሩ ያውቃል።